እንቁላሉ ደረቅ ላይ እንዳይቀር

ኅዳር 9 ቀን
ከግድቡ ሠራተኞች መኖሪያ

ለምወድህ አባዬ፣

«ልጄ ወንዛችንን ካሰሩት ሰዎች ጋር ምን ትሠራለች?» ብለህ እማዬን ጠይቀሃታል አሉ። እኔን በስልክ ስታገኘኝ ቃልህ ከ«ደህና ነሽ?» አያልፍም። እንግዲህ ሳትጠይቀኝም ልንገርህ፤ ደስታው ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኛል።

ውኃው የሚያሽከረክራቸው ተርባይኖች የሚሠሩት ከተማው መብራት በሚፈልገው ልክ ነው። ምሽት ላይ ሁሉም ምድጃውን ሲለኩስ ውኃውን በብዛት እንለቀዋለን፤ ሲነጋ እንቀንሰዋለን። ዓሣ ይህን በምን ታውቃለች? ወንዙ ሞልቶ ስታየው ዳር ወጥታ ጠጠሩ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ጠዋት ውኃው ይሸሻል፣ እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ይቀራል። ደርቆ ሳየው ዓሣ ታጠምድ በነበረ ጊዜ መረብህ ለምን ባዶውን ይወጣ እንደነበር ገባኝ።

ወዲያው ወደ ተርባይን ክፍል ኃላፊያችን ሮጥኩ። በድምፁ የተነሳ «ነጎድጓድ» እንለዋለን።

«አንቺ ልጅ፣ ለዓሣ ብለን ሕዝቡን ጨለማ ውስጥ ልንከት ነው?»

«ኧረ ጨለማ አላልኩም ጋሼ! ዓሣዎቹ እንቁላል በሚጥሉበት ወቅት ብቻ አንዱ ተርባይን ቀንም ሌሊትም እኩል ውኃ ይልቀቅ፤ ዳሩ አይደርቅም። ለምሽቱ ሌሎቹ አሉልን።»

«ውክልና ሰጥተውሻል ዓሣዎቹ?»

«በቃል ነው የሰጡኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም እየሳቀ «እሺ፣ ዘንድሮን እንሞክረው። ካልሆነ ግን የምንጠብሰው አንቺን ነው» አለኝ።

አባዬ፣ ውኃው እኩል መለቀቅ ከጀመረ ሳምንታት አለፉ፤ ትናንት ቦት ጫማዬን አጥልቄ ወደ ወንዙ ወረድኩልህ። ዳር ዳሩ በዓሣ ጫጩት ተሞልቷል! ጥላዬ ሲያርፍባቸው ሽው ብለው ይበተናሉ፣ መልሰው ይሰበሰባሉ። ነጎድጓድን እጁን ይዤ ጎትቼ አመጣሁት። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጎንበስ አለና፣ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ በሹክሹክታ «አይ እናንተ!» አላቸው። ያን ጊዜ ኮራሁ።

ግድቡ ያጎደለውን ሁሉ መለስን ብዬ አልዋሽህም። ለም አፈሩ ዛሬም ከላይ ታግዶ ቀርቷል፤ አንተም ከወንዙ ርቀህ የሰው መጋዘን ትጠብቃለህ። ግን አንድ ነገር ቀና፤ ያቀናነውም እኛ ነን።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ይህ አሠራር በየዓመቱ ይቀጥል ወይስ ዘንድሮ ላይ ይብቃ የሚለው ሐሙስ በስብሰባ ይወሰናል። አንዳንዶቹ «አጥማጁ ሁሉ መረቡን ጥሎ ሄዷል፤ ለማን ብለን ነው የምንደክመው?» እያሉ ነው። ለዚህ የኔ መልስ አንተ ነህ። ግድቡን በዓይንህ ማየት እንደማትፈልግ አውቃለሁ። ቢሆንም ስብሰባው ላይ ናና «ዓሣው ካለ እኔም አለሁ» በላቸው፤ ከልብህ ከሆነ ብቻ፣ ለእኔ ብለህ አይደለም።

ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጥህ። ትመጣለህ አይደል? እባክህ ቶሎ መልስልኝ። ዋናው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፤ ለጥበቃውም፣ ለነጎድጓድም፣ ለአለቆቹም «አባቴ ነው» እላቸዋለሁ።

የምትወድህ ልጅህ