የደምሌ አርባ

ነሐሴ 27 ቀን 1964፣ ወገዳ

ዝናብ። እኔና ደምሌ ቀኑን ሙሉ መርፌ ስንቀቅል ዋልን። ፈንጣጣ ለማጥፋት ለስማዳ ቆላ የተመደብነው ሁለታችን ብቻ ነን። ሰው "ሐኪም" ይለናል... ሐኪም አይደለንም፤ ክንድ ወግተን የምናልፍ ነን። ደምሌ ግራኝ ነውና ልጆቹን ቀኝ ክንዳቸውን ይወጋል። መመሪያው የግራውን ነው የሚለው። ስነግረው ይስቃል፤ በሽታው ቀኝና ግራ አይለይም ይላል።

ነሐሴ 30

ከወንዙ ማዶ ፈንጣጣ ገባ የሚል ወሬ መጣ። ነገ ወደ ቆላው እንወርዳለን። የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ጳጉሜን 2

መጻፍ አልፈልግም። ግን ልጻፈው።

ወንዙ ሞልቶ ነበር። ሰው የሚያሻግሩት ዋናተኞች ነገ ይሻላል አሉ። እኔም ነገ አልኩ። ደምሌ ማዶ አንዲት እናት ልጅ ታቅፋ ቆማ አየና እምቢ አለ። የክትባቱን ሳጥን ራሱ ላይ አሰረ፤ የተነፋ የፍየል ቆዳ ደረቱ ስር አድርጎ ገባ። እኩሌታውን አልፎ ነበር... ከላይ ደራሽ ውሃ መጣ፣ ግንድ ተሸክሞ። አንዴ አየሁት። ሁለተኛ አላየሁትም።

ጳጉሜን 4

ዳር ዳሩን ወደ ታች ሁለት ቀን ፈለግን። አንድ ጫማ። ሌላ የለም። ዋናተኞቹ በቃ አሉ። እኔም በቃ አልኩ?

አልኩ።

መስከረም 6 ቀን 1965፣ ወገዳ

የደምሌ ለቅሶ። እህቱ ውብነሽ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ መጣች። ሬሳ ስለሌለ ልብሱን መሐል አስቀምጠን አለቀስንለት። ቄስ ተክለ ሃይማኖት ፍትሐቱን አደረሱ። ሳላለቅስ ቆይቼ ነበር። ከቀትር በኋላ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ተነስቼ መሐል ገባሁና "ደምሌ፣ በዚህ በኩል ና!" እያልኩ ጮህኩ። ሰዎች ይዘው አስቀመጡኝ። ለምን እንዲያ አልኩ? ሞተ ብዬ ያስለቀስኩ እኔ...

መስከረም 15

አለቃችን ከደብረ ታቦር ላኩብኝ። ውሃው ሲጎድል ተሻግሬ ማዶውን ልጨርስ። የደምሌ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ማንሳት አቃተኝ።

መስከረም 24፣ ከወንዙ ማዶ

ተሻገርኩ። ልጆቹ አልሸሹኝም። ሌላ ቦታ ሳጥኑን ሲያዩ ይሮጣሉ፤ እነዚህ ዝም ብለው አዩኝ።

ስንዱ የምትባል እናት የልጇን እጅጌ ሰበሰበችና "የእኛዎቹማ ተወግተዋል" አለችኝ።

ቀኝ ክንዱ ላይ ነው። የሁለተኛውንም አየሁ... ቀኝ። የሦስተኛውንም። ቅርፊቱ መርገፍ ጀምሯል። ቅርፊት የሚረግፈው በሦስት ሳምንት ነው። ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ የተወጉበት ቀን መስከረም መባቻ ላይ ወደቀ። ደምሌን ውሃ የወሰደው በጳጉሜን ነው። እንደገና ቆጠርኩ። ያው ነው።

ማን ወጋቸው አልኳት።

"ጓደኛዎ ናቸዋ፣ ግራኙ።"

ሌላ ነገር ሳልጠይቃት ተቀመጥኩ።

መስከረም 25

ዛሬ ሁሉንም ነገረችኝ።

ደራሹ ወደ ታች ወስዶ በእነሱ በኩል ጣለው። እንጨት ለቃሚ ሴቶች አገኙት። ሳጥኑ ራሱ ላይ እንደታሰረ ነበር። ሁለት ቀን ስንዱ ቤት ራሱን ሳያውቅ ተኛ። እኛ ወንዙ ዳር ስንዞር እሱ እዚያ ቤት ነበር። ሲነቃ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፣ ሌላ መንገድ ዞሮ መምጣት አይችልም። ከቅዱስ ዮሐንስ ማግስት ጀምሮ እያነከሰ ቤት ለቤት ወጋ። ሲጨርስ ወንዙ ዳር ይወርዳል። ጓደኛዬ ሊፈልገኝ ይመጣል ይል ነበር አለች።

እኔ ወገዳ ነበርኩ።

የአቦ ማግስት፣ ከቀትር በኋላ፣ ስንዱ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ አጠገቡ ነበረች። ድንገት ቀና አለ። ፊቱ በራ።

"'ይርጋ መጣ፤ በዚህ በኩል ና እያለኝ ነው' አሉኝ" አለች።

"ማዶ ሰው ነበር?"

"ማንም የለም። ውሃውም እንዲያ እያገሳ አጠገብ ለአጠገብ እንኳ አንሰማማም ነበር። ልብሳቸውን ያዝኩ። አመለጡኝና ውሃው ውስጥ ገቡ።"

በሦስተኛው ቀን ከታች አግኝተው ቤተ ክርስቲያናቸው ቀበሩት። መቃብሩን አየሁ።

የአቦ ማግስት... መስከረም ስድስት።

መስከረም 26

ከዚህ እስከ ወገዳ አንድ ቀን ይኬዳል። አንድ ቀን ሙሉ። ድምፅ ይህን ያህል ይሄዳል?

ጥቅምት 4፣ መካነ ኢየሱስ

ውብነሽ አርባውን ለጥቅምት ስድስት ደግሳለች። ጠላው ተጠምቋል። ልተወው ይሆን ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ገባሁና ነገርኳት፤ ጩኸቴንም ሳልደብቅ።

በጣቷ ቆጠረች። ዘጠኝ ቀን ኖሯል ማለት ነው አለች በመጨረሻ። አዎ አልኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። ጎረቤቷን ጠርታ አርባው ገና አልደረሰም ብላ ለሰው እንድትናገር ላከቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እኔም እኮ ጠርቼዋለሁ ይርጋ። ለቅሶ ላይ ያልጠራው ማን አለ?"

"የሰማው ግን የእኔን ነው" አልኳት።



ጥቅምት 15፣ ከወንዙ ማዶ

ቄስ ተክለ ሃይማኖት ቆላው ሳይከብዳቸው አብረውን ወረዱ። ከመስከረም ስድስት ቆጥረው አርባውን ዛሬ መቃብሩ ላይ አደረሱ። እህሉንም ጠላውንም ያመጣው መንደርተኛው ነው። እናቶቹ ልጆቻቸውን እያመጡ ለውብነሽ አሳዩዋት። ፈንጣጣው ከላይኛው መንደር ሰባት ሰው ወስዷል። ደምሌ ከወጋቸው አንድም አልሞተም። ውብነሽ የእያንዳንዱን ልጅ ክንድ ይዛ አየች። አለቀሰች፤ ስሙን ግን አልጠራችም። ማንም አልጠራውም። እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ አርባ አይቼ አላውቅም።

አለቃችን ወደ ከተማ ላዛውርህ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አይሆንም ብዬ ጻፍኩላቸው። ላይኛው መንደር ገና ነው።

አንድ ነገር ብቻ ከእኔ ሄዷል። ከሩቅ ስሜ ሲጠራ አቤት አልልም። የጠራኝን ሰው በዓይኔ እስካይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሰው ኮራ ይለኛል፤ ይበል።

ዛሬ ስንመለስ ወንዙ ዳር ሁለት ጊዜ ተጠራሁ።

አንደኛው ውብነሽ ነበረች።