አንድ ማራገቢያና አሥራ አንድ ቁጥሮች

ጌትዬ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት መጥቶ ሄደ። ያን ሰሞን እንደነበረው ሁሉ፣ ዛሬም ሰሊጥ የጫኑ ሎሪዎች በበራችን ወደ ገዳሪፍ ገበያ ያልፋሉ።

ይህን የምጽፍልህ ስልክ እየጠበቅሁ ነው። ከወድ ኤል ሒለው መንደር፣ ከመምህር ሙሉጌታ። እጄ ሥራ ካልያዘ ስልኩን በየደቂቃው እያነሳሁ አያለሁ፤ ስለዚህ ወዳንተ መጣሁ።

ቤቱ ደህና ነው። የጣራውን ቆርቆሮ አስቀይሬአለሁ። ደጅ ላይ የነበረው የኒም ዛፍ ደርቆ ተቆረጠ፤ ከቀትር ጀምሮ ሱቁን ፀሐይ ይመታዋል። ሰዎች አሁንም ማመልከቻ ለማስተየብ ይመጣሉ፣ አሁንም «ጌታሁን ቤት» ነው የሚሉት። የምተይበው እኔ ነኝ። በዓረብኛው እንደ ድሮዬ ቀርፋፋ ነኝ። አልጋህ እንዳለ ነው። ማራገቢያውም። ስለ ማራገቢያው ቆይቼ እነግርሃለሁ፤ አሁን አልችልም።

ደብተርህም እኔ ዘንድ ነው። «ማንም የማይበላውን ነገር ስታሳድድ ትኖራለህ» ስልህ የነበርኩት ሴት፣ ዛሬ ለፈቃደኞቹ ቁጥር የማድለው እኔ ሆኛለሁ። ብታይ ትስቅብኝ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ሱቁ ውስጥ ሰብስበህ የነገርካቸው ትዝ ይለኛል። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር እንፈልጋለን አልካቸው፤ እስካሁን ከተገኙት ሁሉ የሚበልጥ፣ ቢጻፍ ይህን ደብተር ሞልቶ የሚተርፍ። አንድ ኮምፒውተር ብቻውን አይዘልቀውም። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ኮምፒውተራቸው ሥራ በሚፈታበት ሰዓት ያበድሩታል፤ ለእያንዳንዱም የሚፈትነው ቁጥር ይሰጠዋል። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንተ «ወንፈል ነው» አልክ፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። እዚሁ ተወልዶ ያደገው ባለ ፋርማሲው ኢድሪስ «በእኛ ነፊር በለኛ!» ብሎ ወንበሩን ሳበ። ሙሉጌታ ደግሞ «አንተ ቁጥር አሳዳጅ፣ እኔ መብራት አሳዳጅ፤ ማን ቀድሞ እንደሚይዝ እናያለን» ብሎ አሳቀን። የእሱ መንደር መብራት ምን ጊዜ እንደሚመጣ፣ ምን ጊዜ እንደሚሄድ የሚያውቅ አልነበረም።

ሕጉ አንድ ነበር። እያንዳንዱ ቁጥር በሁለት ሰው፣ በሁለት ማሽን ይፈተናል። ሁለቱም «አይደለም» ካሉ ቁጥሩ ይዘጋል፣ ተመልሶ የሚያየው የለም። ለዚህ ነው ደብተርህ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ፊት ሁለት ስም ያለው።

ባለፈው ሰኔ ማሽንህ ቆመ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና ሜሞሪው በሙቀት ተጎድቷል አለኝ። የዛሬ አይደለም፣ ቆይቷል፤ የሚሠራ እየመሰለ ሲሳሳት ኖሯል።

የተሳሳተ ስሌት መጨረሻው «አይደለም» ነው። ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የታመመ ማሽን ያልሆነውን «ሆነ» አይልም፤ የሆነውን ግን ይደብቃል።

ደብተሩን ገለጥኩ። የመጨረሻው ክረምትህ። አሥራ አንድ ቁጥሮች፤ በአንደኛው ረድፍ ያንተ ስም፣ በሁለተኛው የሙሉጌታ። ተነፈስኩ። ሌላ ማሽን አይቷቸዋል። ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ደወልኩለት። «በዚያ የኸሪፍ ዝናብ እኮ መብራትም መንገድም አልነበረንም፤ ጌታሁን ያንተን እኔ እሠራልሃለሁ አለኝ» አለ።

በወንፈል ሳይታጨድ የሚቀር ማሳ የለም። ባለቤቱ ከታመመ ወይም ከራቀ ሌላው ገብቶ ይጨርስለታል፤ ማጭዱ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዘገየ ሰው ቁጥሮቹ ለሌላ እንደሚሰጡ አውቃለሁ። ሙሉጌታ ከዝርዝሩ እንዳይወጣ ብለህ ነው። ግን ጌትዬ፣ እዚህ ማጭዱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት። አንድ ማሽን ለራሱ መሰከረ።

ታውቅ ነበር? ታመህ በዚያ አልጋ ላይ ሆነህ የማሽኑን ድምፅ ስታዳምጥ፣ ጥርጣሬ አልገባህም? ወይስ ገብቶህ ጊዜ አጠረህ? ስተይብ እጠይቅሃለሁ። በር ስዘጋ እጠይቅሃለሁ።

ከአሥራ አንዱ አንዱ ያ ቁጥር ቢሆንስ? ስትጠብቀው ኖረህ፣ ደጅህ ደርሶ፣ በገዛ እጅህ ዘግተህበት ቢሆንስ?

አሁን ማራገቢያው።

ክፍሉ ውስጥ የነበረን አንድ ነው። ማሽኑ እንዳይግል ብለህ ወደ እሱ ታዞረዋለህ። ሸለብ ሲያደርግህ እኔ ወዳንተ አዞረዋለሁ። ስትነቃ ትመልሰዋለህ። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም። ክረምቱን ሙሉ፣ በአንተ ትኩሳትና በማሽኑ ትኩሳት መካከል፣ ያለ ቃል ተጣላን። መጨረሻ ላይ ክንድህ አልደርስ አለው፤ እኔ አሸነፍኩ። ማሽኑ የተጎዳው ያን ጊዜ መሆን አለበት። ማሽኑን ያሳመምኩት እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ዝም ብል የሚያውቅ የለም፤ ሙሉጌታም አያወጣውም። ስምህ እንደ ነበረ ይቀራል። በአራተኛው ቀን ለሁሉም ጻፍኩ፣ ለውጭ አገሩ ዋና አስተባባሪም ጭምር። አሥራ አንዱ ቁጥሮች በትክክል አልተፈተኑም፤ ሁለት ስም ቢኖርባቸውም በአንድ ማሽን የተሠሩ ናቸው፤ ማሽኑም የታመመ ነበር። «ላክ» የሚለውን ስጫን ዳግመኛ የቀበርኩህ መሰለኝ።

ኢድሪስ መልስ አልጻፈም፣ በሪክሻ መጣ። «ወላሂ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ነፊሩን ያበላሸነው አብረን ነው። ድርሻዬን ስጪኝ» አለኝ። ኮምፒውተሩን የመድኃኒት ማቀዝቀዣው ወዳለበት ክፍል አዛውሮ፣ «ይኸው፣ ከኢንሱሊኑ ጋር አስተኛሁት» ብሎ ደወለልኝ። እሱና ሌሎቹ አሥሩን ተካፈሉ። አሥራ አንደኛውን ሙሉጌታ ማንም እንዳይነካብኝ አለ። «መብራቱን ይዤዋለሁ፤ እኔ ልጨርሰው።»

ውጤቶቹ አንድ በአንድ መጡ። አይደለም። አይደለም። በእያንዳንዱ ደስ ይለኛል፤ ለምን ቁጥሩን ባናገኝ ደስ እንደሚለኝ ሳስብ ደግሞ አፍራለሁ። አንተ «ነው» የሚለውን ስትጠብቅ ሞትክ፤ እኔ «ነው» እንዳይባል እየጸለይኩ ነው። አሥሩ አልቀዋል። የቀረው የሙሉጌታ ነው፤ ዛሬ ያልቃል ብሏል።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜው ነበር።

ደወለ። «አይደለም» አለ። ከበስተኋላው የተማሪዎቹ ጩኸት ይሰማኝ ነበር።

ልክ ነበርክ ጌትዬ። አሥራ አንዱም አይደሉም። ግን ያን ጊዜ ልክ መሆንህን ልታውቅ አትችልም ነበር። የማውቀው እኔ ነኝ፣ አሁን፣ ያለ አንተ።

ደብተሩ ላይ በሁለተኛው ረድፍ የሙሉጌታን ስም በአንድ መስመር ሰርዤ ያንተን ጻፍኩ። ከጎኑ እንደገና የፈተኑትን ሰዎች ስም አስገባሁ። የተሰረዘው ይነበባል። እንዲነበብ ነው የተውኩት።

ማሽንህ አዲስ ሜሞሪ ገብቶለት ዛሬ ሥራ ይጀምራል፤ የሚፈትነው ቁጥርም ተሰጥቶታል። ማራገቢያው ከሄድክ ጀምሮ ወደ አልጋህ እንደ ዞረ ነበር። ይህን ጽፌ ስጨርስ ወደ ማሽኑ አዞረዋለሁ። ያ ክረምት ተመልሶ ቢመጣ ግን፣ የሚጠፋውን እያወቅሁ፣ ወዳንተ አዞረው ነበር።

ደብተሩን በገለጥኩ ቁጥር አስታውስሃለሁ። አሳምሬህ አይደለም። እንደ ነበርክ፣ ከነስርዝህ።

ያንተዋ
ብርቄ