ሀርጌሳ ሆነሽ ያስተማርሽን ፕሮሴኮ

ጥሩዬ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር ነበር። መልስ እንደሌለው አውቃለሁ፣ ግን ሌላ አጀማመር አልመጣልኝም። ከተለየሽን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ቤታችን ውስጥ የተለወጠውን ልንገርሽ። አንደኛ፣ 31 ሜይ ሰፈር የነበረውን ቤት ለቅቄ ኮድቡር ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ለብቻዬ ያኛው ሰፋብኝ። ሁለተኛ፣ የወለል ሴራሚክ ማንጠፉን አልተውኩም፣ ጉልበቴ ግን እያመመኝ ነው። ሦስተኛ፣ ምግብ ራሴ ነኝ የምሠራው፤ ጨው ይበዛብኛል። አራተኛው የልጃችን የሊድያ ነገር ነው፤ የጻፍኩልሽም ለእሱ ነው።

ሊድያ አዲስ አበባ የሆቴል ትምህርቷን ጨርሳለች። በቅርቡ አንድ ሆቴል ለመስተንግዶ ሥራ ፈተና ጠራት። ፈተናው ምን መሰለሽ፤ ፕሮሴኮን፣ ያንን አረፋ ያለውን የጣልያን ነጭ ወይን፣ የሚስማማውን ምግብ መርጣ አብራ ማቅረብና ለምን እንደመረጠች ማስረዳት። ካላለፈች ወደ እኔ ልትመለስ ነው። አጠገቤ ብትሆን ደስ ባለኝ፣ ግን ያን ሁሉ ተምራ እዚህ ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ማየት አልፈልግም። እንቅልፍ አጣሁ።

የደወለችልኝ የሰፈራችን ባለሱቅ አብዲ ጋ ቆሜ ሳለ ነው። «አባዬ፣ እማዬ ስለ ፕሮሴኮ ምን ነበር የምትለው?» አለችኝ። መጠጥ በተከለከለበት ሀርጌሳ መሀል ቆሜ ስለ ወይን እንዴት ላውራ? ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ያ የጣልያኖቹ ነገር?» ስላት፣ አብዲ ሳቀብኝ። ጅግጅጋ ያደገ ነው፣ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። «ወላሂ ጋሽ ታደሰ፣ እኔ ጆሮ የለኝም፣ ጨርስ» አለኝ። ወጥቼ ግድግዳ ጥግ ይዤ አወራኋት።

ያሰበችው ዶሮ ወጥ ነበር። የእኛ ሰው ነገር መቼም ይኸው ነው፤ መጠጡ የክብር ከሆነ ምግቡም የክብር ይሁን ይላል። አንቺም እዚህ ከመምጣታችን በፊት ጣልያኖቹ ቤት ተቀጥረሽ ምግብ ስትሠሪ ለገና እንዲሁ አድርገሽ፣ እንግዶቹ አፋቸው ተቃጥሎ ብርጭቆውን ትተው ውሃ እንደጠየቁ ነግረሽኛል። «በርበሬና አረፋ ሲገናኙ ምላስ ይገርፋሉ» ትዪ ነበር። ይህንኑ ነገርኳት።

ከዚያ የመጣልኝን ሁሉ ደረደርኩላት። በደንብ ይቀዝቅዝ። ጣልያኖቹ ከምግብ በፊትም ይጠጡታል፣ ሆድ ይከፍታል ይላሉ። ጨው ነካ ያለው የተጠበሰ ነገር ይስማማዋል፣ ዘይቱን ከአፍ ያነሳዋል። የተቆላ ለውዝ፣ ለስላሳ አይብ ይሆናል። ከባድ ሥጋ አይሆንም። ፍራፍሬ ያለበት ኬክ ከሆነ ጣፈጥ ያለው ፕሮሴኮ ይሻላል። እኔ ቀምሼው ስለማላውቅ አንዱን ከአንዱ እንዳላደባልቅ ፈራሁ፤ ከዘጋሁም በኋላ መልሼ ደወልኩላት።

ሐሙስ ሐሙስ ከበርበራ ወደብ የመጣ ዓሣ ሲገኝ ታደርጊ የነበረውንም አነሳሁላት። ዱቄት ነካ አድርገሽ ትጠብሺዋለሽ፣ ሎሚ ትጨምቂበታለሽ። ከዚያ በፕሮሴኮው ፋንታ ጋዝ ያለው ውሃ በሦስታችንም ብርጭቆ ትቀጂና «ቆዩ፣ መጀመሪያ ጉረሱ። አሁን! እዚህ ላይ ነው እሱ የሚገባው» ትያለሽ። እኔ የባሰ ይጠማኝ ነበር። ሊድያ ግን ብርጭቆዋን ይዛ አፍ አፍሽን ታያለች። ጾም ከሆነ ደግሞ በዓሣው ፋንታ ድንች።

ለፈተናው ዓሣውን አቀረበች። አንደኛው ፈታኝ ቀምሶ፣ ጠጥቶ፣ መልሶ ቀመሰ አለችኝ። ከዚያ «ይህን የት ተማርሽ?» አላት። «ሀርጌሳ» ስትለው ሁሉም ሳቁ።

«ሀርጌሳ ወይን አለ እንዴ?»

«ወይንማ የለም። እናቴ ግን ነበረች።»

ተቀጥራለች፣ ጥሩዬ። ሰኞ ትጀምራለች። እኔ ደግሞ አሁን መጠጥ ያለበት ቦታ ማምሸቷ ያሳስበኛል፤ ታውቂኛለሽ።

ከአእምሮዬ ሳይጠፋ ትዪው የነበረውን ሁሉ በስልክ እየነገርኳት ነው። ትናንት ስለ ሩዝ አሠራርሽ ነገርኳት፣ ዛሬ ስለ ቲማቲም ስጎሽ እነግራታለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ቃልሽ እዚህ አይቀርም። እሷ ሳህን አስቀምጣ ስታስረዳ፣ በዓይኑ አይቶሽ የማያውቅ ሰው አንቺን ሰምቶ ይጎርሳል።

ባልሽ ታደሰ