ባህሩ የጠፋበት መርከብ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህን የምጠይቅህ ለደብዳቤ ወግ ብዬ እንዳይመስልህ፤ የምሬን ነው፣ መልሱንም እፈልገዋለሁ። እኛ እግዜር ይመስገነው አለን። የእማዬ ጉልበት ያው ነው፤ ክረምቱ ሲቃረብ ይብስባታል። የቀበሌው ሊቀመንበርም አለ። በር ላይ ባገኘኝ ቁጥር ያ የኮበለለው ልጃችሁ ከየት አገር ይጽፋል ይለኛል። እኔም አይጽፍም እለዋለሁ።

ይኼ ደብዳቤ በፖስታ አይመጣም። ወደ አቴና በምትሄድ በማምናት ሴት እጅ ስለሆነ፣ ለዛሬ እንኳ ልቤን ገልጬ ልጻፍ።

ፖስትካርዱ እንደ ወትሮው በአቶ አምባዬ ሱቅ የፖስታ ሳጥን ደርሶናል። መርከቡ ነጭ፣ ፎቁ ስምንት፣ መስኮቱ ተቆጥሮ የማያልቅ። እማዬ የልጄ መስኮት የትኛው ነው አለችኝ። ከውሃው በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከአሰቡ ልጅ ከሁመድ ጋር እንደምትተኛ በኅዳር ጽፈህልኝ ነበር። ለሷ ግን ከላይ ያለውን አሳየኋት። ስለ ሁመድም ብዙ ጽፈህልኛል፤ አዲስ አበባ ተማሪ ቤት እንደቆየ፣ የአማርኛ ጽሕፈቱ የመምህር እንደሚመስል።

ከአሰብ በዕቃ ጫኝ መርከብ ወጥተህ፣ ግሪክ አገር ወርደህ ቀረህ። ኋላ የሀብታሞች ሽርሽር መርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆንኩ ስትል፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አላመንኩህም። ሰው ምን ነክቶት አሥራ አራት ቀን ባህር ላይ ይንሳፈፋል፣ ተመልሶ የተነሣበት ሊወርድ? እማዬማ የሚደርሱበት አገር ከሌላቸው ምን ሊያደርጉ ተሳፈሩ እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ስትጠይቅ ከረመች። በባህር ተከበው ሳለ ፎቅ ላይ ሌላ ውሃ ገድበው እንደሚዋኙ፣ በረዶ በዳክዬ አምሳል ጠርበው ምግቡ መሃል እንደሚያቆሙ፣ የአንዲት አሮጊት ውሻ የራሱ አልጋ እንዳለው ስትጽፍልኝ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ማዕበል ሲነሣ ሀብታሙንም አስተናጋጁንም እኩል ያስመልሰዋል ያልከውን ደግሞ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ያ የታኅሣሥ ደብዳቤ ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ዝም። በመጋቢት ሲመጣ ጽሕፈቱ ሌላ ነው። ቀኝ እጄን የፈላ ዘይት ስላቃጠለኝ በግራዬ ነው የምጽፈው አልክ። ወንድሜ፣ እኔ እኮ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ዘጠኝ ዓመት የሰው ፊርማ ስመረምር የኖርኩ ሴት ነኝ። በግራ ተጽፎ ከቀኙ ያማረ ጽሕፈት አይቼ አላውቅም!

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጆሮ ጠቢዎችን ነው። እዚሁ ይዘውህ፣ በስምህ እየጻፉ ከኛ አፍ ነገር ሊያወጡ ነው አልኩ። ለዚያ ነው መልሶቼን ስለ ዝናብና ስለ እማዬ ጉልበት ብቻ የሞላኋቸው። አቶ አምባዬ ቴምብሩን አይቶ የግሪክ ነው፣ እውነተኛ ነው ሲለኝ፣ እሱንም ጠረጠርኩት፤ የኤንቨሎፑን ሙጫ በመስኮት ብርሃን ስመረምር አንድ ሳምንት አለፈ። ቀጥሎ ሚስት አግብቶ እሷ ናት የምትጽፍለት አልኩ። ግን የትኛዋ ግሪክ ናት አማርኛ የምትጽፈው?

አንድ እሑድ ደብዳቤዎችህን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግቼ እንደ መዝገብ አመሳከርኳቸው። ከመጋቢት ወዲህ ምግቡ አለ፣ ሙዚቃው አለ፣ የአሮጊቷ ውሻም አለ። ባህሩ ግን የለም። በአራት ደብዳቤ ውስጥ ማዕበል የሚል፣ ባህር የሚል አንድ ቃል የለም። መርከብ ላይ የሚኖር ሰው እንዴት ባህሩን ይረሳል? ያን ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

በሚያዝያ የዋሸሁህ ለዚህ ነው። እማዬ የክርስትና ስምህን ዘንግታዋለች፣ አባ ገብረየሱስ በጸሎት ሊያስቡህ ነውና ጻፍልን አልኩህ። እናት የልጇን የክርስትና ስም ትዘነጋለች? ከልጅነቱ ጀምሮ ልደታ ሲቆርብ የሚጠራው በዚያ ስም ነው። ወንድሜ ቢሆን አብዳችኋል እንዴ ብሎ ይሰድበኝ ነበር። ያንተ መልስ ግን በትሕትና መጣ፦ ሌላ ስም የለኝም፣ አባቴ ባወጣልኝ ስም ጸልዩልኝ። ወንድሜ ደግሞ ትሑት ሆኖ አያውቅም።

ብቻዬን አለቀስኩ። ለእማዬ ሳነብላት ያቺን መስመር ዘልዬ አለፍኩ፣ ፊቴንም አላሳየኋት።

ትናንት ግንቦት ልደታ ነበረች። ጎረቤቱ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲካፈል እማዬ በእጇ ጠራችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ልጄ ባንድም ደብዳቤ ስለ ጉልበቴ ጠይቆኝ አያውቅም፣ ከመጋቢት ወዲህ የሚጽፈው ግን አንድም ጊዜ ረስቶት አያውቅም አለችኝ። ምስኪን፣ እናቱ የናፈቀችው ልጅ ነው አለች። ለካ እኔ እሷን ስደብቃት፣ እሷም እኔን ስትደብቀኝ ነው የከረምነው!

እንግዲህ ሁለት ነገር ጻፍልን ብላሃለች። አንዱ ልጇ ያረፈበትን ቀን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠርም ቢሆን እኛ እንመልሰዋለን። የክርስትና ስሙን እናውቀዋለን፤ አባ ገብረየሱስ ዘንድ ለመሄድ የጎደለን ቀኑ ብቻ ነው። እንዴት እንደሆነ አትጻፍ። ባህሩን ከደብዳቤው ያወጣኸው ለኛ ብለህ መሆኑ ገብቶኛል፤ እንደወጣ ይቅር።

ሁለተኛው ያንተን የክርስትና ስም ነው፣ ልትጸልይልህ። ከአሰብ የመጣ የእስላም ልጅ እንዲህ ያለ ስም የለውም አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ እንግዲያው የእናቱን ስም ይጻፍልኝ፣ በእናቱ ስም እለምንለታለሁ አለች።

መጻፍህን ግን እንዳትተው። እማዬ አሁንም ፖስታ እየጠበቀች ነው። ከእንግዲህ በቀኝ እጅህ ጻፍ።

ልደታ ከማዕበሉ ትሰውርህ፤ እናትህን በዓይነ ሥጋ ለማየት ያብቃህ።

እህትህ

እማዬ ደግሞ «እናትህ» ብለሽ ጨምሪ ስላለችኝ፦
እናትህ