ቡሬ ላይ አራተኛ የወጣሽ ዕለት

ጥፋተኛዋ አሰልጣኝሽ አይናለም ናት። ይህን አስቀድሜ ልናገርና፣ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? የተላጠው ጉልበትሽ ሻረልሽ? ፍኖተ ሰላም የሥልጠና ካምፑ ምግብ ተስማማሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ እንደ ልማዱ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድም ታገሽኝ። የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ጻፉልኝ ብዬ የማንንም ደጅ አልጠናም።

ቡሬ ላይ ሩጫው መሀል ስትወድቂ ልቤ አብሮሽ ወደቀ። ተነሳሽ፤ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ በረጅሙ ተነፈስሽና ቀጠልሽ። አራተኛ ወጣሽ። ታለቅሳለች ስል አንደኛ የወጣችውን የመራዊ ልጅ አቅፈሽ ሳቅሽ! ጎረቤታችን እናኑ፣ ልጅሽ ለሽንፈቷ ድግስ ልትደግስ ነው እንዴ ብላ ሰው አሳቀችብኝ።

ደሜ ፈልቶ አይናለም ዘንድ ሄድኩ። የልጄን እልህ ገደልሽው አልኳት። እስክጨርስ ሰምታኝ፣ እማማ ይቀመጡ አለችኝ። ከሩጫ በፊት ሁለት ሁለት ሆናችሁ የምትፈሩትን እንድትነጋገሩ እንደምታደርግ ነገረችኝ። ለእኔ ወሬ ማብዛት መሰለኝ። የእኔዋስ ምን ትፈራለች ብላት፣ ራሷ ትንገርዎት ብላ ጠራችሽ።

አንቺም መሬት መሬቱን እያየሽ፣ እማ፣ እኔ ስሸነፍ አንቺ ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ትጣያለሽ፤ እሱን ነው የምፈራው፤ ሩጫውንም ልተወው ነበር አልሽኝ።

ወዲያው ተነስቼ መኪና ተሳፈርኩ። ለውድድርሽ ሁሉ ለታቦቱ ጥላ እሳል እንደነበር ታውቂያለሽ። ስትሸነፊ አኩርፌ ከአጥሩ ውጭ ተሳልሜ እንደምመለስ ግን የምታይ አልመሰለኝም። ውድድር ሲደርስ የሚያስመልስሽን ቡዳ ነው ብዬ ስንት ጠበል አንከራተትኩሽ! ቢሆንም አይናለምን ይቅር አላልኳትም፤ ካንቺ አፍ ቀድሜ መስማት የነበረብኝን እሷ ሰማችው።

ለባሕር ዳሩ ውድድር እመጣለሁ። እናኑም ካልመጣሁ ብላለች፤ አፏን እንድትይዝ አስምያታለሁ። አይናለም የምታስተምርሽን አተነፋፈስ ለእኔም አሳዪኝ፤ ስትሮጪ ትንፋሼን የማፍነው እኔ ነኝ። ስንተኛም ውጪ፣ ምሳሽን ይዤ እጠብቅሻለሁ።

ትናንት ከቅጽሩ ገብቼ ቆሜ አስቀደስኩ። መልአኩ ከፊትሽ ይቅደም፤ መውደቂያሽን ያለስልስልሽ፤ ሳቅሽን አይንሳኝ። በእግርሽ ግን ከእንግዲህ ስለት አልሳልም።

እናትሽ