የወይዘሮ ብርሃኔ ኩመራ የሕይወት ታሪክ፤ ስልኩን ማን እንደደወለ ጭምር

ስልኩን የደወለው ማን ነው? እኔ ታናሽ እህታቸው ጥሩወርቅ ኩመራ ይህችን ጥያቄ ከግንቦት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ። ጎረቤታችን ዘይቡ ናት ብዬም ፈርጄባታለሁ። እዚህ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር የምትኖሩ ሁላችሁ ይህን ከእኔው አፍ ሰምታችኋል። የሕይወት ታሪክ በትውልድ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ነገር ግን እህቴ «ይህ ነገር ሕዝብ ፊት ይነበብልኝ» ብለው አደራ ስለሰጡኝ አስቀድሜ አነሳሁት፤ መልሱም በቦታው ይመጣል። ዘይቡን አንቱ የማልላት እኩያዬ ስለሆነች ነው፤ ብላት ትስቅብኛለች።

ወይዘሮ ብርሃኔ ከአባታቸው ከአቶ ኩመራ በዳዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጊፍቲ ዋቆ በደዶ ወረዳ በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን የጻፈ ሰው የለም። እናታችን «ቡናው ሲቀላ ነው የወለድኳት» ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ደዶ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1971 ዓ.ም. አባታችን ሲሞቱ ደብተራቸውን ጣሪያ ሥር ሰክተው እኔን የአራት ዓመቷን በጀርባቸው አዝለው ከእናታችን ጋር ጅማ ወረዱ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በእርሳቸው ላብ ነው፤ ከሦስተኛ ክፍል አቋርጬ የወጣሁት ግን በራሴ እልኸኝነት ነው። ስለ ትምህርታቸው አንድ ነገር ይጨመር ብለዋል፦ በ2012 ዓ.ም. ለአሥራ አራት ቀን ኮሌጅ ገብተዋል። ይህንንም ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

በ1977 ዓ.ም. የሰርቦ ተወላጅ ከሆኑት የጭነት መኪና ሾፌር ከአቶ ዳባ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ሮሆቦትን ወልደዋል። አቶ ዳባ በ1999 ዓ.ም. በሕመም ሲለዩዋቸው፣ ያን ጊዜ ብቻዬን ወደምኖርበት ቦሳ አዲስ ወዳለው ቤት መጥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው አብረን ኖርን።

በሥራ ዓለም ሠላሳ ሦስት ዓመት በቡና መጋዘን ለቃሚ ሆነው አገልግለዋል። ለማያውቅ ሰው ልንገር። ለቃሚ ማለት ቡናው ፊቷ ፈሶ፣ የተበሳውን፣ የጠቆረውን፣ የሸተተውን ፍሬ እየነቀለች የምትጥል ሴት ናት። ጥሩውን ፍሬ ማንም አያነሳውም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። እኔም ሁለት ዓመት አብሬያቸው ለቅሜያለሁ። ሥራውን ብተወውም ዓይኔ ከዚያ ወዲህ መጥፎ ፍሬ መፈለጉን አልተወም። ከዚያ ደጃፋችን ላይ ቦምቦሊኖ እየጠበስኩ መሸጥ ጀመርኩ፤ ደንበኞቼ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ።

ከጎናችን ያለው ግቢ የዘይቡና የባለቤቷ የልብስ ሰፊው የአቶ ቲጃኒ ነው። በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው አጥር ላይ አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍባት ክፍተት ነበረች። ጨው፣ እሳት፣ የታመመ ሰው ወሬ ሁሉ በዚያች ያልፍ ነበር። የኛ ቤት ሰው በአስፋልት ዞሮ ወደ ዘይቡ ቤት ከሄደ ተጣልቷል ማለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገባ ተባለ። በሚያዝያ ማብቂያ እህቴ ከመጋዘን እያሳሉ መጡ። እኔ ዝንጅብል ወቀጥኩ፣ ዳማከሴ ጨመቅኩ፣ በሩን ቆለፍኩ። የታመመ ያለበት ቤት እንደሌባ ቤት የሚታይበት ጊዜ ነበር። በሬዲዮ የሚነገረው ቁጥር ላይ ማንም እንዳይደውል ብዬ ያለችንን አንድ ስልክ በጉያዬ ይዤ ዋልኩ።

ግንቦት አንድ፣ ቅዳሜ፣ በልደታ ዕለት፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች በመኪና መጡ። ቤቱ ጠፍቷቸው ለደወለላቸው ሰው መልሰው ሲደውሉ፣ ስልክ ከወዲያኛው ግቢ ጮኸ። የዘይቡ ስልክ ነው፤ በጆሮዬ ሰማሁት። ወዲያው አንደኛው «ቦምቦሊኖ የሚጠበስበት ቤት ይሄ ነው?» እያለ ገባ። ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እያየ፣ ሊጤ ላይ ሳይቀር መድኃኒት ረጭተው እህቴንና እኔን ወሰዱን። ዘይቡ ክፍተቷ ጋ ቆማ ነበር። «አንቺ ነሽ!» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ዝም ካለችማ አምናለች ማለት ነው ብዬ ቋጠርኩት።

የወሰዱን፣ ተማሪው ወጥቶ ለለይቶ ማቆያ ወደተዘጋጀ የኮሌጅ ማደሪያ ነው። እህቴ በሩን እንዳለፉ «ጥሩዬ፣ ኮሌጅ ገባን እኮ!» አሉኝ። እኔ አላሳቀኝም። አልጋው ጣውላ ላይ አንድ ተማሪ በሚስማር «ዘንድሮ አልወድቅም» ብሎ ጽፎ ነበር፤ እህቴ ጠዋት ጠዋት ጮክ ብለው ያነቡታል። «ሠላሳ ዓመት መጥፎውን ለቀምኩ፤ እስቲ እነዚህን ቀኖች ጥሩውን ልልቀም» አሉ። ከዚያ ሲመሽ ሲመሽ መቁጠር ሆነ ሥራቸው። ወገባቸው መንጋለሉን። ሳይሠሩ መብላታቸውን። መስኮቱ ላይ የተደገፈውን የአቮካዶ ዛፍ። ምግብ የምታመጣው ልጅ ጭምብሏ ውስጥ ስትስቅ ዓይኗ ማነሱን። «አንቺስ ምን ለቀምሽ?» ሲሉኝ «የደወለችውን ሴት» እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

እኔም ልቤ አላረፈም። ሰው ታስሮ የሚያመሰግነው ወይ ሞኝ ቢሆን ነው ወይ የደበቀው ነገር ቢኖር ነው አልኩ። እህቴ ደግሞ ሞኝ አልነበሩም።

ወሩ ረመዳን ነበር። በየቀኑ ማፍጠሪያው ሲደርስ ዘበኛው የአጃ ሾርባ በፔርሙስና ቴምር በወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ላኪዋ ዘይቡ ናት። ውሃ ያልቀመሰች ጾመኛ፣ ከራሷ አፍ በፊት ለኛ ትልካለች። እኔ «አሳብቃ ደግሞ ሾርባ! የሠራችው ቢቆጠቁጣት ነው» ብዬ አንድ ቀን እንኳን አልቀመስኩም። እህቴ የሁለታችንንም ጠጥተው ወደ መስኮቱ «ገለቶሚ፣ ዘይቡ» ብለው ያመሰግናሉ፤ ዘይቡ እንደማትሰማ እያወቁ። አሥራ አራቱንም ቀን እንዲሁ ነበር።

ምርመራው ነፃ ናችሁ አለን፤ ስማችን ግን ታሞ ቀረ። ተማሪዎቹ ከተመለሱ በኋላም በደጃፌ ሲያልፉ «የኮሮና ቦምቦሊኖ» እያሉ ይሳሳቃሉ። ሁለት ዓመት ለዝንብ ጠበስኩ።

ከማቆያው በወጣን ማግስት ኢድ ነበር። በዚያው ጠዋት ፔርሙሱን ባዶውን በክፍተቷ አስቀመጥኩላት። የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ አላጣሁትም፤ መቆራረጣችንን እንድታውቀው ነው። ከዚያ ቆርቆሮ አምጥቼ ክፍተቷን በአሥራ አንድ ሚስማር ቸነከርኩት። «በእናቴ አጥንት፣ ከእንግዲህ ደጇን አልረግጥም» ብዬም ማልኩ። እህቴ ቆመው እያዩኝ ነበር። «መዶሻውን ስትጨርሺ ወደ ቦታው መልሺው» ብቻ ብለው ገቡ።

ዘይቡ አንድ ቀን እንኳን አልተከራከረችኝም። ውሃ ወረፋ ላይ ሰው ሰብስቤ «ዛሬስ ለማን ደወልሽ?» ስላት «ጤናሽን ጠየቅኩልሽ፤ ምላስሽ ደህና ነው አሉኝ» ብላ ጀሪካኗን አነሳች። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔ ይበልጥ ከረርኩ።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. አቶ ቲጃኒ አረፉ። ከአጥሩ ማዶ ለቅሶ እየሰማሁ አልሄድኩም። በዚያን ቀን ዘይት አግዬ ቦምቦሊኖ ጠብሻለሁ፤ ሽታው ለቅሶ ቤት ደርሷል። ይህንን እኔው ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ማንም አላስገደደኝም። እህቴ ግን በሚያማቸው እግር በአስፋልት እየዞሩ ሦስቱንም ቀን ተቀምጠዋል።

ወይዘሮ ብርሃኔ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የስኳር ሕመም ነበረባቸው። በ2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ደክሞ አልጋ ያዙ። «ዘንድሮ አልወድቅም» ይሉ ነበር፤ ወደ ማታ ማታም ጥሩ ጥሩውን መቁጠር አልተዉም። በነሐሴ ወር አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሳጥባቸው እጄን ያዙኝ።

«ጥሩዬ፣ የደወልኩት እኔ ነኝ።»

«የት?»

«እዚያው የምታውቂው ጋ። ስልኩን ከዘይቡ በአጥሩ ተቀበልኩ። የኛን አንቺ ጉያሽ ውስጥ ከትተሽዋል። ምን ላድርግ? የተሻለኝ መስሎኝ ሄጄ አርባ ለቃሚ መሃል ልሳል? የቲጃኒስ አስም?»

«ታዲያ በሽታው አልነበረብሽም!»

«እሱን የነገሩን በአሥራ አራተኛው ቀን ነው እንጂ በመጀመሪያው አይደለም።»

ለምን አልነገርሽኝም አልኳቸው። «መንገር አስቤ ነበር፤ በእናታችን አጥንት ስትምዪ ፈራሁ። ዛሬ ነገ ስል ቆርቆሮው ዛገ። ዘይቡን አትናገሪ ብዬ ቃል ያስገባኋት እኔ ነኝ። ባሏ ሲሞት አለመምጣትሽን እያየች እንኳን ቃሏን አልበላችም። ሾርባዋን እጠጣ የነበረው እያፈርኩ ነው፤ እያመሰገንኩም ነው» አሉኝ።

እኔ ያንንም ጠረጠርኩ። ዘይቡን ነፃ ሊያወጡ በሞታቸው ዋዜማ የፈጠሩት ይሆናል አልኩ። «በስልክ ምን አልሻቸው?» ብዬ መረመርኳቸው። «ዕድሜዬን ጠየቁኝ፤ አምሳ አምስት አልኳቸው። የቤቱን ምልክት ጠየቁኝ፤ ቦምቦሊኖ የሚጠበስበት አልኳቸው» አሉ። ሰውየው ያን ቀን እያለ የገባው ይህንኑ ነው። ዘይቡ ደውላ ቢሆን «ከጎኔ ያለው ግቢ» ትል ነበር እንጂ በኔ ቦምቦሊኖ ምልክት አትሰጥም። አለቀልኝ።

ሁለት ሳምንት አኮረፍኳቸው። መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ገላቸውን አጥባለሁ፣ አፌን አልከፍትም። እርሳቸው ደግሞ በአልጋቸው ትይዩ ባለው መስኮት ቆርቆሮውን እያዩ «እኔ እያየሁ ክፈቺው» ይሉኛል። ኩርፊያው ሲያልፍ «እሺ» አልኩ። ከአሁን አሁን እያልኩ መስከረም አለቀ። ለዘይቡ ምን ብዬ እንደምቆም አጣሁ። አምስት ዓመት የተሳሳተ ሰው አፉን ከየት ይጀምራል? በመጨረሻ «እንግዲያው በሕይወት ታሪኬ ላይ ጻፊው። እኔ ደወልኩ በይ። ዘይቡ አንድም ሰው እንዳይጠረጥራት» ብለው አስማሉኝ።

ወይዘሮ ብርሃኔ ኩመራ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ ቡናው በሚቀላበት ወቅት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ክፍተቷ እንደተዘጋችባቸው ነው የሄዱት፤ ይህ የኔ ዕዳ ነው።

ዓይናቸውን ከደንኩ። አልጮህኩም። ብጮህ ሰፈሩ ይሞላል፣ ዘይቡም በአስፋልት ዞራ ትመጣለች፤ ዞራ እንድትመጣ አልፈለግኩም። መዶሻውን ከቦታው አንስቼ አጥሩ ጋ ሄድኩ። ሚስማሩ ዝጎ አልነቀል አለኝ። ስታገል ዘይቡ ከወዲያ ወጣች።

«ማል ታቴ፣ ጥሩወርቅ? ምን ሆነሻል? ቀስ በይ፣ ቆርቆሮው እጅሽን ይቆርጥሻል።»

መዶሻውን ቀስ አድርጌ ቀጠልኩ። አሥራ አንደኛው ሲነቀል ጎኔን አዙሬ ወደ ግቢዋ ገባሁ።

«ለቅሶ ልደርስ ነው» አልኳት።

«የማን?»

«የቲጃኒ።»

በትከሻዬ ላይ አሻግራ የቤታችንን በር አየች። ገባት። ግን የቲጃኒ ስፌት መኪና አጠገብ ያለችው መደብ ላይ አስቀመጠችኝና እሷም ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር የዘገየ ለቅሶዬን አለቀስኩ። «እኔ ላይ ክፉ ሠርተሽ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ መጣሽ» አለች። ቆይታ ቆይታ ነጠላዬን አስተካከለችልኝና «ለቲጃኒ ይበቃዋል፤ ተነሺ፣ አሁን ለብርሃኔ» አለችኝ። ተያይዘን በክፍተቷ መጣን። ሰፈሩ የሰማው ጩኸት የሁለታችን ነው።

ወይዘሮ ብርሃኔ አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ እህታቸውን ጥሩወርቅንና እህታቸውን ዘይቡን ትተው አልፈዋል። ይህን ዝርዝር ያነበበ ሰው ስሕተት ነው ብሎ እንዳያርም።

ያደከማቸውን ሥጋ ያሳረፈ አምላክ፣ በየምሽቱ ጥሩ ጥሩውን የለቀመች ነፍሳቸውን ከጥሩዎቹ ጋር ይቁጠርልን፤ ለእኛም የእርሳቸውን ዓይን ያድለን።

ዛሬ ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ከቀብር መልስ ድንኳኑ በሁለቱም ግቢ ስለተተከለ በአስፋልት መዞር አያስፈልግም። በክፍተቷ ግቡ። ውሃና ሳሙና በዘይቡ በኩል ተቀምጧል፤ እጃችሁን ታጥባችሁ እለፉ። ሚስማሩን ሁሉ ለቅሜያለሁ፤ ቢሆንም የቀረ አይታጣምና እግራችሁን እያያችሁ።