ውርጭ ያልነካው ቅጠል

ላይ ጋይንት፣ ታኅሣሥ 1957 ዓ.ም.

ውድ ይታይሽ፣

እንዴት ሰነበትሽ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም። ግን ይህን ሳልጽፍልሽ ባድር ማበዴ ነው።

ሰሞኑን ገብስ ልሸጥ ንፋስ መውጫ ወርጄ መምህር አያሌው ቤት አደርኩ። ጓሮውን ሳይ ክው አልኩ። ውርጩ ባቄላውንና ዱባውን እንደ እሳት ለብልቦታል። አንድ ተክል ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ጅማቱ ደም የመሰለ። አክስትሽ ዘሩን ከጎንደር ልካልሽ ከጓሯችን የተከልሽው ያው ተክል!

«ይኸ መተት እዚህም ደረሰ?» አልኩት።

«የምን መተት? ቀይ ሥር ይባላል። ብርድ አይፈራም፤ ለእኛ ደጋ የሚሆን ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ጾም ነውና ሥሩን ቀቅሎ አቀረበልኝ። እንቢ ማለት አፍሬ በላሁ።

ጠዋት ከአጥር ኋላ ለውሃ ሽንት ብቀመጥ ቀይ ወረደኝ። «አለቀልኝ፣ ቄስ ጥሩልኝ!» ብዬ ጮህኩ። መምህሩ ሮጦ መጣ።

«አይዞህ፣ አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያደርገዋል። ነገ ይጠራል።»

ጠራ።

ይታይሽ፣ ባለፈው ዓመት እናቴ ላይ የታየው ይኸው ነበር! «ምራቴ መርዝ አበላችኝ» ስትል፣ አንቺ «እኔም እኮ በልቻለሁ» እያልሽ እግሬ ላይ ወደቅሽ። ሥሩን በቢላ ስቆርጠው ቀይ ሲፈስ ጎረቤቱ ሁሉ አማተበ። እኔም የቀሩትን ሥሮች ነቅዬ ገደል ወርውሬ አንቺን ወደ እስቴ፣ አባትሽ ቤት ሰደድኩሽ። መተተኛ የሚል ስም ሰጥቼ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

«ጣፍጦኝ ነበር እኮ» አለች። «ድገሚኝ ልላት አስቤ ነበር።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ለእሁድ ሰንበቴ መምህሩ ከሰጠኝ ቀይ ሥር ከሕዝቡ ፊት «እኔው እበላለሁ» ብላለች። እኔም በደሌን ቆሜ እናገራለሁ።

ይህን የሚያነቡልሽ ቄስ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ አባትሽም ጎረቤቱም ይስማ። ተመለሽ አልልሽም፤ እሱን የማለት መብት የለኝም። ግን ከንፋስ መውጫ ስመለስ በዚያ ገደል አፍ አለፍኩ። ከወረወርኳቸው ሥሮች አንዱ ከድንጋይ መሐል አብቅሎ ዘር ይዟል። ዘሩን ለቅሜ በዚህ ወረቀት ቋጥሬልሻለሁ፤ ያንቺ ነው።

ውርጩም እኔም አልገደልነውም።

በዳይሽ ደምሌ